የአንባቢያን ጥያቄ፦ ራር ፋይል ኤክስትራክት ማድረግ ብቻውን ኮምፒውተር ይጎዳል?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ሦስቱ አንድ ጉዳይ ላይ፣ ማለትም እንደ ራርና ዚፕ ያሉ የታሸጉ ፋይሎችን ኤክስትራክት ማድረግ (ከማሸጊያቸው ማውጣት) ላይ ስለገጠሙ ዓምዱን በሙሉ ለእነሱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሐዋሳ ውስጥ ማተሚያ ቤት እሠራለሁ። ደንበኞች የሠርግ ካርድ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የባነር ዲዛይን በቴሌግራም፣ በኢሜይልና በፍላሽ ያመጡልናል። አብዛኛው በራር ወይም በዚፕ ታሽጎ ነው የሚመጣው። ሰሞኑን ሥራ ፈላጊ ነኝ ያለ ሰው ሲቪውን በራር አድርጎ በኢሜይል ላከልን። ዴስክቶፕ ላይ ኤክስትራክት አደረግሁት። አንድ ፒዲኤፍ ብቻ ወጣ። ከፈትኩት፣ ደህና ሲቪ ነው። በማግስቱ ጠዋት ግን ኮምፒውተሩን ስከፍተው ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እንደዚያው ነው። አንቲቫይረሱ ምንም አላገኘም። አለቃዬ «የከፈትሽው ፒዲኤፍ ነው፣ ምን ይመጣል?» ይሉኛል። ኤክስትራክት ማድረግ ብቻውን ሊጎዳ ይችላል እንዴ? ዊንራሩን ትቼ ሰቨን ዚፕ ብጠቀምስ? — ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ አዎ፣ ይችላል። አለቃሽ የሚሉትን ብዙ ሰው ይለዋል፣ ግን ልክ አይደለም። የጻፍሽልኝ ምልክት ዝም ተብሎ የሚታለፍ ስላልሆነ መጀመሪያ ዛሬውኑ የምታደርጊውን ልንገርሽ። ማብራሪያው ይደርሳል።

ኢንተርኔቱን አቋርጪ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭነሽ ታስክ ማኔጀርን ክፈቺ። «ስታርታፕ» የሚለው ገጽ ላይ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረውት የሚነሱት ፕሮግራሞች ተዘርዝረዋል። የማታውቂው ስም ካለ፣ በተለይ «ፐብሊሸር» በሚለው ቦታ የኩባንያ ስም የሌለው ከሆነ፣ በስልክሽ ፎቶ አንሺውና ዲሴብል አድርጊው። ቀጥሎ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ገብተሽ ከስካን አማራጮቹ «ኦፍላይን ስካን» የሚለውን ምረጪ። ኮምፒውተሩ ራሱን አጥፍቶ ይነሳና ዊንዶውሱ ሳይጀምር ይፈተሻል። ተደብቆ የሚሠራ ቫይረስ በዚያ ሰዓት ገና ስላልተነሳ መሸሸጊያው ይጠብበታል። የኢሜይል፣ የቴሌግራምና የባንክ ፓስዎርዶችን ቀይሩ፤ የምትቀይሩት ግን ከስልክ እንጂ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ አይሁን። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግስ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ክፈቺና ከአንቺ ስልክ በቀር ሌላውን ሁሉ አስወጪ። ስታርታፕ ላይ እንግዳ ነገር ካገኘሽ እሱን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። የሥራ ፋይሎቻችሁን ኮፒ አድርጉና ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫኑት። ፕሮግራሞችን ከድሮው ዲስክ ኮፒ አታድርጉ።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ዚፕም ሆነ ራር ውስጥ እያንዳንዱ ፋይል ከነስሙና ሊቀመጥበት ከሚገባው ፎልደር ጋር ተመዝግቦ ነው የሚመጣው። ያንን የጻፈው ላኪው ነው። ኤክስትራክት የሚያደርገው ፕሮግራም፣ ካርቶን ላይ የተጻፈውን የክፍል ስም አይቶ ዕቃ እንደሚያስገባ ጫኝና አውራጅ ነው። የተጻፈለትን ተከትሎ ያስቀምጣል። በኮምፒውተር አሠራር ሁለት ነጥብ «..» ማለት «ካለህበት ፎልደር አንድ እርምጃ ወደ ላይ ውጣ» ማለት ነው። ተንኮለኛ ላኪ «..\..\..\» እያለ ፋይሉን ከዴስክቶፕሽ አስወጥቶ እስከ ስታርታፕ ፎልደር (ውስጡ ያለው ሁሉ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ የሚነሳበት ፎልደር) የሚያደርስ መንገድ ሊጽፍ ይችላል። በደንብ የተሠራ ፕሮግራም እንዲህ ያለ አድራሻ ሲያይ እምቢ ይላል። ቀዳዳ ያለበት ፕሮግራም ግን እሺ ብሎ ይጽፈዋል። አንቺ ዴስክቶፕ ላይ ፒዲኤፉን ብቻ ታያለሽ። ሌላው ስታርታፕ ውስጥ ተቀምጦ የሚቀጥለውን ጠዋት ይጠብቃል። ምንም ነገር ክሊክ ማድረግ አይጠበቅብሽም፤ ኮምፒውተሩን ማብራትሽ ይበቃል።

ይህ በሐሳብ ደረጃ የቀረ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ኢሴት የሚባለው የስሎቫኪያ የአንቲቫይረስ ኩባንያ ተመራማሪዎች ልክ እንዲህ ያለ ጥቃት ዊንራር ላይ አገኙ። ሮምኮም የሚባል፣ ከሩሲያ ጋር የሚያያዝ ቡድን ለአውሮፓና ለካናዳ የገንዘብ ተቋማት፣ ፋብሪካዎችና የትራንስፖርት ድርጅቶች የሥራ ማመልከቻ መስሎ ራር ፋይል ይልክ ነበር። ሲከፈት የሚታየው ሲቪ ነው። ከሲቪው ጀርባ ግን የማይታዩ ተጨማሪ ፋይሎች ተለጥፈው ነበር፤ አድራሻቸውም በእነዚያ ሁለት ነጥቦች የተሞላ ነው። አንዱ ሾርትከት ሆኖ ስታርታፕ ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ዋናው ቫይረስ ጊዜያዊ ፋይሎች የሚቀመጡበት ቦታ ይደበቃል። ዊንራር በሐምሌ 30 ቀን 2025 ባወጣው 7.13 ቨርዥን ቀዳዳውን ደፈነ። ያንቺ ኮምፒውተር ላይ የደረሰው ይኸው ነው ብዬ ፋይሉን ሳላይ አልፈርድም። ነገር ግን ከላይ እስከ ታች ስለሚመሳሰል ነው በቁም ነገር የያዝኩት።

ነገሩ የቆየም ነው። በ2019 ቼክ ፖይንት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ ዊንራር ውስጥ ለ19 ዓመት ያህል የኖረ ተመሳሳይ ቀዳዳ አገኘ። ጥፋቱ «ኤስ» የሚባል ድሮ የቀረ የማሸጊያ ዓይነትን የሚከፍት አንድ ትንሽ ፋይል ላይ ነበር። አጥቂው የኤስ ፋይሉን ስም ቀይሮ ራር ቢያስመስለውም ዊንራር ውስጡን አይቶ ስለሚያውቀው ይከፍተዋል። የዊንራር ሰዎች የዚያ ፋይል ኮድ በእጃቸው ስላልነበረ ሊጠግኑት አልቻሉም። በ5.70 ቨርዥን የኤስን ነገር ጠቅልለው አወጡት።

በ2023 የተገኘው ደግሞ ሌላ ነው። ብዙ ሰው «ኤክስትራክት ሳላደርግ እዚያው ዊንራር ውስጥ ከፍቼ ባየው ይሻላል» ስለሚል ይህንን ልብ በይልኝ። ግሩፕ አይቢ የሚባል ድርጅት እንዳጋለጠው፣ አጥቂዎቹ ዚፑ ውስጥ አንድ ፎቶ ወይም ፒዲኤፍ ያስገባሉ። አጠገቡ በዚያው ስም የተሰየመ ፎልደር ያስቀምጣሉ። በስሙ መጨረሻ ላይ አንድ ባዶ ቦታ ይጨመራል፤ በዓይን አይታይም። ሰውየው ዊንራር መስኮት ውስጥ ፎቶውን ደብል ክሊክ ሲያደርግ ዊንራር ይምታታበትና ፎልደሩ ውስጥ ያለውን ትዕዛዝ ያስነሳል። ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በዚህ መንገድ በኢንተርኔት አክሲዮንና ክሪፕቶ የሚነግዱ ሰዎች ተጠቅተዋል። ነሐሴ ላይ 6.23 ሲወጣ ተደፈነ።

ስለዚህ ዝርዝሩን ማየት ጥሩ ነው፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ደብል ክሊክ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። መስኮቱን ከፍተሽ ስሞቹን አንብቢ። «ታይፕ» የሚለው ዓምድ ላይ አፕሊኬሽን ወይም ሾርትከት የሚል ካየሽ ለማተሚያ የመጣ ሥራ ውስጥ ምን አመጣው ብለሽ ጠይቂ። ዊንዶውሱ ራሱ የፋይል ኤክስቴንሽን (የፋይሉን ዓይነት የሚናገረውን የስሙን መጨረሻ) እንዲያሳይሽ ደግሞ «ቪው» ውስጥ ገብተሽ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን አብሪው። ሲመጣ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ጠፍቶ እያለ «ካርድ ፒዲኤፍ ኢኤክስኢ» የሆነው ፋይል (ኢኤክስኢ ማለት ፕሮግራም ነው) «ካርድ ፒዲኤፍ» ብቻ ሆኖ ይታይሻል፤ አዶውንም ቢሆን ላኪው የፒዲኤፍ ሊያደርገው ይችላል። ሾርትከት ግን ይህን አብርተሽም ኤክስቴንሽኑ አይታይም። እሱን የምታውቂው በአዶው ጥግ ላይ ባለችው ትንሽ ቀስት ነው።

ዊንራርን ልተው ወይ ላልሽኝ፦ የሚያሳስበኝ የፕሮግራሙ ስም ሳይሆን ቨርዥኑ ነው። ዊንራርም ሰቨን ዚፕም ራሳቸውን በራሳቸው አፕዴት አያደርጉም። አንድ ጊዜ የተጫነ ሰው እስኪነካው ድረስ እንዳለ ይቀመጣል። እኔ ዘንድ ለጥገና የሚመጡት ኮምፒውተሮች ላይ ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይኼ ነው። ዊንዶውሱ አዲስ፣ አንቲቫይረሱ አዲስ፣ ዊንራሩ ግን የዛሬ ስንት ዓመት የተጫነ፣ ያውም ክራክ የተደረገ። «ሄልፕ» ውስጥ «አባውት» የሚለውን ንኪና ቁጥሩን አንብቢ። ከ7.13 በታች ከሆነ ከራሱ ከዊንራር ድረ ገጽ አውርደሽ በላዩ ጫኚበት። ከቴሌግራም ቻናል የሚወርደውን ክራክ ግን እባክሽ ተዪው። ፋይል ለመክፈት የምትጠቀሚበትን መሣሪያ ራሱን ከማታውቂው ሰው እጅ መቀበል ነው። መክፈል ካልተቻለ ሰቨን ዚፕ ነጻ ነው፣ ዊንዶውስ 11ም ከ2023 ወዲህ ራር ያለ ምንም ተጨማሪ ፕሮግራም ይከፍታል።

ሰቨን ዚፕም ቢሆን ነቀፋ አላጣም። ዊንዶውስ ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ላይ «ይህ ከውጭ የመጣ ነው» የሚል ስውር ምልክት ይለጥፋል። ዎርድ ቢጫ ማስጠንቀቂያ የሚያሳይሽና ፕሮግራም ከመነሳቱ በፊት ዊንዶውስ የሚጠይቅሽ በዚያ ምልክት ነው። ሰቨን ዚፕ ዚፕ ውስጥ ሌላ ዚፕ ሲገባ ምልክቱን ይጥለው ነበር። አጥቂዎች ይህን ዩክሬን ውስጥ ተጠቅመውበታል። በኅዳር 2024 በወጣው 24.09 ተስተካክሏል። አዲሱን ከጫንሽ በኋላ «ቱልስ»፣ ቀጥሎ «ኦፕሽንስ»፣ ቀጥሎ «ሰቨን ዚፕ» በሚለው ገጽ ግቢና «ፕሮፓጌት ዞን አይዲ ስትሪም» የሚለውን «የስ» አድርጊው። በነባሪው «ኖ» ነው፤ ያኔ ምልክቱ ወደሚወጡት ፋይሎች አይተላለፍም።

ፍላሽ ላይ ግን ይህ ሁሉ አይሠራም። አብዛኛው ፍላሽ ፎርማት የተደረገበት አሠራር ያንን ምልክት መያዝ አይችልም። ደንበኛው ፋይሉን ከየትም ያውርደው፣ በፍላሽ አድርጎ ሲያመጣልሽ ዊንዶውስ እዚያው የተወለደ ፋይል ይመስለዋልና ምንም አይጠይቅሽም። እንደ እናንተ ያለ ቤት ከኢሜይሉ እኩል ፍላሹን መፍራት ያለበት ለዚህ ነው።

ለአለቃሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪያቸው። አንድ አሮጌም ቢሆን ኮምፒውተር ለደንበኛ ፋይል መቀበያ ብቻ ይመደብ። የባንክም፣ የሂሳብም፣ የቴሌግራም አካውንትም አይከፈትበት። እዚያ ተከፍቶ፣ ታይቶ፣ የሚታተመው ፒዲኤፍ ብቻ ወደ ዋናው ይለፍ። «አድሚን ባልሆነ አካውንት ብንሠራስ?» ካሉ ጥሩ ነው፣ ግን ብቻውን አይበቃም። ስታርታፕ ፎልደር ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ስላለው ያለ አድሚን ፈቃድም ይጻፍበታል። ለደንበኞቻችሁ ደግሞ «ፒዲኤፉን እንዳለ ላኩልን፣ አታሽጉት» የሚል ማስታወቂያ ለጥፉ። ፒዲኤፍና ፎቶ ቀድሞውኑ የታመቁ ስለሆኑ ራር ቢደረጉ እምብዛም አያንሱም፤ ቴሌግራምም እስከ 2 ጊጋባይት ፋይል ያስተላልፋል። ለማተሚያ ቤት ከሚመጣው ራር አብዛኛው በልማድ የታሸገ እንጂ የሚያስፈልግ ሆኖ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የወገኖቻችንን የታክስ ፎርም እሞላለሁ። በሰሞኑ አንድ አዲስ ደንበኛ ነኝ ያለ ሰው የደመወዝ ማስረጃውን በዚፕ ልኮልኛል። ዚፑ በፓስዎርድ ተቆልፏል፤ ፓስዎርዱም እዚያው ኢሜይሉ ላይ ተጽፏል። የተቆለፈ ፋይል ካልተቆለፈው የበለጠ አይታመንም? ጥርጣሬዬን ለማጥራት ኢንተርኔት ላይ ከሚፈትሹት ድረ ገጾች አንዱ ላይ ብጭነውስ? — ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ ጌታዬ፣ ነገሩ በተቃራኒው ነው። ቁልፉ የእርስዎን የደንበኛ ምስጢር የሚጠብቀው ፓስዎርዱ በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በስልክ ሲነገርዎት ነው። ፓስዎርዱ እዚያው ኢሜይል ላይ ከተጻፈ ኢሜይሉን ያገኘ ሁሉ ይከፍተዋል። እንዲህ ያለው ቁልፍ በሩን የዘጋው በኢሜይል ፈታሹ ላይ ብቻ ነው። ፈታሹ ፓስዎርዱን ስለማያስገባ ውስጡን አያይም፣ ቫይረሱም ሳይነካ እርስዎ ጋ ይደርሳል። በ2020 ኢሞቴት የሚባለው ታዋቂ ቫይረስ በዚህ መንገድ በሰፊው ተልኳል።

አንድ ነገር ልጠቁምዎት። ተራ ዚፕ ቢቆለፍም የፋይሎቹ ስም አይደበቅም። ፓስዎርዱን ሳያስገቡ ዝርዝሩን ማየት ይችላሉ። የደመወዝ ማስረጃ ነው የተባለው ፒዲኤፍ ካልሆነ አይንኩት። ራር ከሆነና ስሞቹም ጭምር ከተቆለፉ ለአንድ የደመወዝ ወረቀት ይህን ያህል ምን አስጨነቀው ብለው ይጠይቁ። ከሁሉ የሚሻለው ደንበኛውን በስልክ ማግኘት ነው፤ ያውም በኢሜይሉ ላይ በተጻፈው ቁጥር ሳይሆን እሱን ወደ እርስዎ በላከው ሰው በኩል።

የሚያውቁት ሰው ስለላከውም አይዘናጉ። በዲሴምበር 2013 የኢሳት ጋዜጠኞች ላይ የደረሰውን ያስታውሱ ይሆናል። ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በፌብሩዋሪ 2014 እንደዘገበው፣ ቀድሞ ከጣቢያው ጋር ይሠራ በነበረ ሰው የስካይፕ አካውንት በኩል ጽሑፍ ነው ተብሎ ፋይል ተላከላቸው። ፒዲኤፍ መስሎ የቀረበው ፋይል ፕሮግራም ነበር። ሃኪንግ ቲም የሚባል የጣሊያን ኩባንያ የሠራው የስለላ መሣሪያ እንደሆነ ነው ሲቲዝን ላብ የጻፈው።

ቫይረስ ቶታል ላይ (ፋይልን በብዙ አንቲቫይረሶች የሚያስፈትሸው ድረ ገጽ ነው) ስለመጫን፦ ለማንም የማይመለከት ፋይል ከሆነ እኔም እጠቀምበታለሁ። እርስዎ ግን የሰው የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር ያለበትን ወረቀት እዚያ እንዳይጭኑ እለምንዎታለሁ። የሚጫነው ፋይል በዓለም ዙሪያ ላሉ የደህንነት ኩባንያዎች ይተላለፋል። ደንበኛው እውነተኛ ሆኖ ከተገኘ ምስጢሩን እርስዎ በትነውታል ማለት ነው። የተቆለፈውን እንዳለ ቢጭኑትም የሚፈትሹት ፕሮግራሞች ብዙውን ጊዜ ውስጡን አያዩም፤ «ንጹሕ ነው» ቢልዎት አይመኑት።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ፕሮጀክቴ ተማሪዎች አሳይመንታቸውን በዚፕ የሚያስገቡበት ድረ ገጽ በጃቫ እየሠራሁ ነው። ሰርቨሩ ዚፑን ራሱ ኤክስትራክት ያደርጋል። አማካሪዬ «ሴኪዩሪቲውን አስብበት» ብለው አለፉ። ከየት ልጀምር? — ከባሕር ዳር

መልስ፦ አማካሪህ ደግ አደረጉ። ለሐዋሳዋ እህት ስለ ሁለቱ ነጥቦች የጻፍኩትን አንብብ፤ ያው ችግር ሰርቨር ላይ ሲሆን የሚመጣው መዘዝ ይብሳል። ስኒክ የሚባለው ኩባንያ በሰኔ 2018 «ዚፕ ስሊፕ» በሚል ስም ይፋ ሲያደርገው በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮጀክቶች ውስጥ ነበር። ጃቫ ላይ የበዛው ዚፕን ከነፎልደሩ በአንድ ትዕዛዝ አውጥቶ የሚያስቀምጥ የተዘጋጀ መሣሪያ ስለሌለው ነው። ሁሉም የራሱን ይጽፋል፣ ወይም ከኢንተርኔት ላይ የተገኘውን ይቀዳል፤ የሚቀዳው ኮድ ደግሞ ፍተሻው የለበትም።

መፍትሔው አጭር ነው። የእያንዳንዱን ፋይል ሙሉ መድረሻ አስላ፣ ሁለቱ ነጥቦች ተፈትተው የሚወጣውን እውነተኛ አድራሻ ማለቴ ነው። ያ አድራሻ ባዘጋጀኸው ፎልደር ውስጥ ካልሆነ ዚፑን በሙሉ ጣለው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፎልደርህ «ተማሪ1» ከሆነና «አድራሻው በዚህ ፊደል ይጀምራል ወይ?» ብለህ ብቻ ካነጻጸርክ «ተማሪ12»ም ያልፍልሃል። መጨረሻው ላይ ስላሹን ጨምረህ አነጻጽር፣ ወይም አድራሻን በጽሑፍ ሳይሆን በፎልደር ደረጃ የሚያነጻጽረውን የጃቫ «ፓዝ» ተጠቀም። ከቻልክ ደግሞ ላኪው የጻፈውን ስም ጭራሽ አትጠቀም። ፋይሉን አንተ በሰጠኸው ቁጥር አስቀምጥና እውነተኛውን ስም ዳታቤዝ ውስጥ መዝግበው። እኔ የምወደው ይህን ነው፤ አድራሻ ካልተቀበልክ በአድራሻ አትታለልም።

ሲምቦሊክ ሊንክ የሆነ ነገር ካገኘህ አትቀበል። መጀመሪያ ወደ ሌላ ፎልደር የሚያመላክት ሊንክ ያስገቡና ቀጥሎ በዚያ ሊንክ በኩል ይጽፋሉ፤ ስሙ ሲታይ ንጹሕ ነው። በፓይተን የሚሠራ ጓደኛ ካለህ እንደ ዚፕ ያለ ሌላ ማሸጊያ ስለሆነው ስለ ታር ፋይልም ንገረው። የፓይተን «ታርፋይል» ከ2007 ጀምሮ የታወቀ የዚህ ዓይነት ቀዳዳ ነበረበት። 3.12 ላይ መከላከያ ማጣሪያ ይፋ ሆነ፤ ሳይጠየቅ በራሱ የሚሠራው ግን ከ3.14 ጀምሮ ነው። ከዚያ በታች ያለ ሰው ራሱ ጽፎ ማብራት አለበት።

የቀረው መጠኑ ነው። 42 ኪሎባይት ብቻ የሆነ አንድ የታወቀ ዚፕ አለ፤ በውስጡ ዚፕ፣ በዚያ ውስጥ ሌላ ዚፕ እየተደራረበ መጨረሻው ሲዘረገፍ 4.5 ፔታባይት ይሆናል። ዴቪድ ፊፊልድ የተባለው ተመራማሪ በ2019 ይህን ያለ ምንም መደራረብ ሠርቶ አሳይቷል። የእሱ 10 ሜጋባይት ዚፕ በአንድ ጊዜ ኤክስትራክት ሲደረግ 281 ቴራባይት ይወጣዋል። ስለዚህ የሚጫነውን ዚፕ መጠን መወሰን አይበቃህም። ዚፑ ራሱ «ስወጣ ይህን ያህል ነኝ» የሚለውንም አትመን፣ እሱንም የጻፈው ላኪው ነው። ወደ ዲስክ የምትጽፈውን ባይት እየቆጠርክ ሂድ፤ ለአንድ አሳይመንት የፈቀድከው ሲሞላ አቁምና የወጣውን ሰርዝ። የፋይሎቹንም ብዛት ወስን፤ ባዶ የሆኑ ሚሊዮን ፋይሎችም ዲስክህን ያጨናንቁታል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ክፍል ከዌብ ሰርቨሩ በተለየ፣ የራሱ ኮታ ባለው ዲስክና ሌላ ምንም መንካት በማይችል አካውንት ይሂድ። ሠርተህ ስትጨርስ ሞክረው፦ አንድ ዚፕ ባለ ሁለት ነጥብ አድራሻ፣ አንድ ባለ ሊንክ፣ አንድ ደግሞ በዜሮዎች የተሞላ ትልቅ ፋይል አዘጋጅና ራስህ ጫንበት። ሦስቱንም እምቢ ካለ ለአማካሪህ የምታሳየው ነገር አለህ።